ቢጫ ነው፣ አይደል?

ሚስቴ ይህን ታሪክ ለሰው ባወራሁ ቁጥር «ጨምረህበታል» ትለኛለች። አልጨመርኩበትም። እንዲያውም የማፍርባቸውን ቦታዎች እየዘለልኩ ነበር የማወራው። ዛሬ ግን እነሱንም ሳልዘልል ልጻፈው።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ታቦር ተራራ ሥር ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚያው ሀዋሳ ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነበርኩ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ከነጥልቀታቸው ሰሌዳ ላይ ስደረድር ማንም አይቀድመኝም። ከቤቴ በባጃጅ ዐሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ባለው ሐይቅ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ ጀልባ ተሳፍሬ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ጉዴ ይሉኝታዬ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «አይ» ማለት አይሆንልኝም። ጸጉር አስተካካዩ «እንዲህ ይሁን አይደል?» ካለኝ የማልፈልገውን ቁርጥ ተቆርጬ፣ አመስግኜ እወጣለሁ። ባለባጃጁ ሰፈሬን አልፎ ሄዶ «እዚህ ነው አይደል?» ካለኝ «አዎ» ብዬ እወርድና በእግሬ እመለሳለሁ። እናቴ ይህን ጨዋነት ትለው ነበር። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

ምሕረትን ያወቅኋት ቤተ ክርስቲያን፣ መዘምራን ውስጥ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ከአባቷ ጋር ሁለት ሆነው ጥቁር ውኃ አካባቢ ነው የሚኖሩት። አባቷ አባባ ላሚሶ፣ የጥቁር ውኃ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት ቦታ አርባ ዓመት ዓሣ ያሰገሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ልልክ እንደሆነ ምሕረት ስትነግራቸው አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «ሽማግሌው ይቆይ። መጀመሪያ ልጁ አንድ ጠዋት ከእኔ ጋር መረብ ያንሣ።»

«ምን ያደርግልሃል? መምህር እኮ ነው» አለቻቸው።

«ቤት ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣማ ሁሉም ሰው ደህና ነው» አሏት።

ቀጠሮው ለቅዳሜ ሆነ። እኔ ምን አደረግሁ? አማቼ ሊሆኑ በሚችሉ ሰው ፊት ስለምቀርብ፣ ለበዓል የማደርገውን ጥቁር የቆዳ ጫማ ወልውዬ፣ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ተገኘሁ። ጭቃው ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ዋጠኝ። አጠገባችን የቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ሳይቀሩ የታዘቡኝ መሰለኝ። አባባ ላሚሶ ግን እጄን ጨብጠው ወደ ፊቴ ቀና አሉና «ኬሬሆ፣ መምህር፤ ደህና አደርክ?» ከማለት በቀር ስለ ጫማዬ ምንም አላሉም። ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ናቸው ብዬ በልቤ አመሰገንኳቸው።

ጀልባዋን ከመግፋታችን በፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው አጭር ጸሎት አደረጉ። ከዚያ ገብተው መቅዘፊያውን ያዙ።

«አባባ፣ እርስዎ እየቀዘፉ እኔ ልቀመጥ? ኧረ በፍጹም!» አልኩ።

«ተወኝ ልጄ፤ ልማዴ ነው። እኔ ካልቀዘፍኩ አይሆንም።»

«አይሆንም፤ እኔ እያለሁ?»

«አንተ ቀዝፈህ ታውቃለህ?»

«እለምዳለኋ!»

ሦስት ጊዜ እምቢ አሉኝ፤ አራተኛውን አሸነፍኩ። አሸንፌ እንደዚያ ቀን የተጸጸትኩበት ጊዜ የለም። መቅዘፊያውን ሰጥተውኝ ከኋላ ተቀመጡና «ታቦር በቀኝ ትከሻህ በኩል ይሁን፤ ፊላው ሲያልቅ ንገረኝ» አሉኝ። ፊላ እንግዲህ ወንዙ አፍ ላይ የበቀለው ያ ረጅም ሣር ነው። ፊላው ሲያልቅ ነገርኳቸው። ከዚያ ጀምሮ ከንፈራቸው ሳያቋርጥ ይንቀሳቀስ ነበር። የሚጸልዩ መስሎኝ ላለመረበሽ ዝም ብዬ ቀዘፍኩ። ከሣሩ ውስጥ ጉማሬ ሲተነፍስ ይሰማል። ውኃው ላይ ጉም አለ። ክንዴ ሊበጠስ ሲል «በቃ፤ እዚህ ነው» አሉ።

እውነትም ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ጀሪካን ይንሳፈፋል። ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ አስጋሪዎቹ ማታ መረባቸውን ጥለው ጫፉ ላይ ባዶ ጀሪካን ያስሩበታል። ጠዋት የየራሱን ጀሪካን ዐይቶ ነው ሁሉም መረቡን የሚያገኘው። ከአስጋሪዎቹ ማኅበር አባላት ቢጫ የዘይት ጀሪካን ያሰሩት አባባ ላሚሶ ብቻ እንደሆኑ ያኔ አላውቅም ነበር።

«ይታይሃል?» አሉኝ።

«ይታየኛል አባባ።»

«ቢጫ ነው፣ አይደል?»

አየሁት። ነጭ ነው። ትንሽ ቆሽሿል እንጂ ነጭ ነው። አሁን ምን ልበል? አርባ ዓመት እዚህ ውኃ ላይ የኖሩትን ሰው፣ ልጃቸውን ልለምናቸው የመጣሁትን ሰው፣ ገና በመጀመሪያው ቀን «ተሳስተዋል» ልበላቸው? ምናልባት አስጋሪዎች እንዲህ ያለውንም ቢጫ ይሉት ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

«አዎ፣ ቢጫ ነው» አልኩ።

ማንሣት ጀመርን። እሳቸው የላይኛውን ገመድ፣ እኔ የታችኛውን ይዘን እየሳብን ነው። መረቡ ሞልቷል! ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ መዳፍ ሙሉ፣ አንዳንዱም ከዚያ የሚበልጥ ነው። አባባ ላሚሶ ዓሣዎቹን ከመረቡ ዐይን እየፈለቀቁ ወደ ጀልባዋ ሲጥሉ ጣቶቻቸው ይፈጥናሉ። እያንጎራጎሩ «እግርህ ገር ነው መምህር! ከወር በኋላ ገና ዛሬ እንዲህ አገኘሁ» አሉኝ። ደስታዬን አልነግራችሁም። በሐሳቤ ሠርጉን ደግሼ ጨርሻለሁ።

ከዚያ አንድ ትልቅ አምባዛ ከታች በእኔ በኩል ተጠላልፎ አስቸገረኝ። ሊያግዙኝ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሲሰዱ የታችኛውን ገመድ ነኩ። እጃቸው እዚያው ቀረ። ገመዱ ላይ ያለውን ማክበጃ አንድ በአንድ ዳሰሱት። እንጉርጉሯቸውም ቆመ።

«መምህር፣ ይህ እርሳስ ነው።»

«አዎ» አልኩ እንደ ልማዴ።

«የእኔ መረብ እርሳስ የለውም። የእኔ ማክበጃ ድንጋይ ነው፤ በጎማ ቁራጭ የታሰረ ድንጋይ።» ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ጀሪካኑን እንደገና እይልኝ። ምን ዓይነት ነው?»

በዚህኛው ጥያቄ ውስጥ «አይደል» የሚል ነገር አልነበረም። «ነጭ ነው አባባ» አልኩ።

«ቅድምስ?»

«ቅድምም ነጭ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አዎ አልከኝ?»

«እርስዎ ቢጫ ካሉ… ብዬ ነው።»

«እኔ ቢጫ ስላልኩ ጀሪካኑ ቢጫ ይሆናል?» አሉኝ። አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ቀስ እያለ ነው፤ ጫማዬ፣ ከንፈራቸው፣ ጀሪካኑ። «አባባ፣ አያዩም እንዴ?» አልኳቸው።

«ጥላ አያለሁ። ተራራውን እንደ ጥላ አያለሁ። አንተም ጥላ ነህ። ድምፅህ ደግ ነው፤ መልክህን ግን አላውቀውም።» መቅዘፊያውን በእጃቸው ዳስሰው ቀጠሉ። «ፊላው ካለቀበት መቶ ሃያ ጊዜ ስቀዝፍ መረቤ ላይ እደርሳለሁ። ዛሬ ግን የቀዘፍከው አንተ ነህ። እኔ ያንተን ቅዝፈት በምን ልኬው ልወቅ?»

ለካስ ሲቆጥሩ ነበር። እኔ በጨዋነቴ መቅዘፊያቸውን ነጠቅኳቸው፤ በጨዋነቴ ነጩን ቢጫ አልኳቸው። ጨዋነት ሲረክስ እንዲህ ነው።

የከፋው ገና ነው። በእነዚያ ሳምንታት ከሰው መረብ ዓሣ የሚሰርቅ ሰው አለ ተብሎ ማኅበሩ ታምሶ ነበር። የሰው መረብ ሲያነሣ የተገኘ ከማኅበሩ እንዲሰረዝና ጀልባው ዳር ወጥቶ እንዲገለበጥ ተወስኗል። ይህን ሐሳብ ያቀረቡት ደግሞ አባባ ላሚሶ ራሳቸው ናቸው።

«መልሰን መረቡ ውስጥ እንክተተው፤ ማንም አላየንም» አልኩ።

«የሞተ ዓሣ መልሰህ ሰክተህ በየነን ልታታልለው ነው?» አሉኝ። መረቡ የማን እንደሆነ በእርሳሱ አውቀውታል። በየነ ከማኅበሩ አባላት አንዱ ነው፤ የአርባ አምስት ዓመት ሰው፣ ድምፁ ከጀልባው ቀድሞ የሚደርስ።

«እንግዲያው እውነቱን እንናገር። ዐይኔ ነው ይበሉ፤ ማን ይፈርድብዎታል?»

እዚህ ላይ ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ። «ምሕረት ይህን ከሰማች ትዳሩን ትተወዋለች። ዐይነ ስውር አባቴን ትቼ አልሄድም ትላለች፤ አውቃታለሁ፤ የእናቷ ልጅ ናት። እሷ ቤቷ እስክትገባ ድረስ ብቻ ነው የምደብቀው። ስለ ዐይኔ አንዲት ቃል እንዳትወጣህ። እሺ?»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ?

ወዲያው ከጉሙ ውስጥ በየነ ብቅ አለ። መጀመሪያ «አባባ! እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ነጩን ጀሪካኑን አየ፤ ጀልባችን ውስጥ ያለውንም ዓሣ አየ። ሳቁ ጠፋ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌባ ስንፈልግ… አንተ ነህ?»

«አንተ» አላቸው። ልጆቹ ሲወለዱ ስም እንዲያወጡለት የለመናቸውን ሰው። አባባ ላሚሶ አንገታቸውን ደፉ። ወደ ዳር ስንመለስ እሳቸው ቀዘፉ፤ እኔም አልተከራከርኩም።

ዳር ላይ፣ ሾላው ሥር፣ የማኅበሩ ሰዎች በክብ ተቀመጡ። በሲዳማ ልማድ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ «አፊኒ?» ተብሎ ይጀመራል፤ «ሰምታችኋል ወይ?» እንደ ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ሳይደብቅ ያወጣል። እዚያ ተቀምጦ እያወቁ መደበቅ ከጥፋቱ እኩል ነውር ነው። ሰብሳቢው ሽማግሌ ነበሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም።

«ላሚሶ፣ የበየነን መረብ አንሥተሃል?»

«አንሥቻለሁ።»

«አውቀህ ነው?»

አባባ ላሚሶ ዝም አሉ። አውቄ ነው ቢሉ ውሸት ነው፤ እሳቸው ደግሞ እዚያ ተቀምጠው አይዋሹም። ሳላውቅ ነው ቢሉ የሚቀጥለውን ጥያቄ ያውቁታል። ሰብሳቢው ሁለተኛ ጠየቁ። አሁንም ዝም። በየነ «ዝምታ ምን ማለት ነው? ይኸው አምኗል!» እያለ ተነሣ። አንዱ ጀልባዋን ለመገልበጥ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ።

በዚህ መሐል ምሕረት የአባቷን ቁርስ በፌስታል ይዛ ከመንገዱ ስትወርድ አየኋት። የቅዳሜ ፈረቃዋ ከሰዓት በኋላ ነበር። የተሰበሰበውን ሰው ዐይታ ቆመች።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጄ፣ አብረህ ነበርክ። የምታውቀው ነገር አለ?»

አባባ ላሚሶ ወደ ተቀመጥኩበት ዞረው ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ፤ አትናገር ነው። እኔ ምሕረትን እያየሁ ነው። ብናገር እሷን አጣለሁ፤ ራሳቸው ነግረውኛል። ዝም ብል እሳቸው ሌባ ይሆናሉ፤ እኔ ልጃቸውን ይዤ እሄዳለሁ። «የለም» ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተሰፋ ልብስ ነበር።

«አለ» አልኩ። «አባባ ላሚሶ ዐይናቸው አያይም። ጥላ ብቻ ነው የሚያዩት። መረባቸውን የሚያገኙት ቅዝፈት ቆጥረው ነው። ዛሬ የቀዘፍኩት እኔ ነኝ። ጀሪካኑ ቢጫ ነው ወይ ብለው ጠይቀውኝ፣ ነጭ መሆኑን እያየሁ አዎ ያልኳቸውም እኔ ነኝ። አትናገር ብለውኝ እሺ ብዬ ነበር። አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አባባ ላሚሶ ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። እኔ ምሕረትን ማየት አልቻልኩም፤ ጫማዬን ነበር የማየው፤ ጭቃው መድረቅ ጀምሮ ነበር።

«አውቃለሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ምሕረት ነች። መጥታ አባቷ አጠገብ ተንበርክካለች። «ዓመት አልፎኛል ካወቅሁ፣ አባዬ። ያን ቢጫ ጀሪካን ያመጣሁልህ ለምን ይመስልሃል? ነጩ አልታይህ ብሎ ስትደናበር ዐይቼ ነው። ቀለሙ ስላማረኝ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ከባርኔጣው ሥር።

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሳገባ ከእኛ ጋር እንድትኖር ነበር ያሰብኩት» አለች። ይህ ለእኔም አዲስ ነበር። ግን ያን ሰዓት ሐይቁንም ጨምራ ብታመጣው እሺ እል ነበር።

በየነ ቆሞ ቀርቷል። ከዚያ መጥቶ አባባ ላሚሶ ፊት ቁጢጥ አለ፤ «አንተ ብዬዎታለሁ» አለና ያ ሁሉ ድምፁ ጠፍቶ አለቀሰ። ሰብሳቢው ውሳኔውን ተናገሩ። ጀልባዋ ትገለበጣለች፤ እንደ ሌባ ጀልባ ግን አይደለም፤ ባለቤቷ ታክሞ እስኪመለስ ድረስ ነው። እስከዚያ የአባባ ላሚሶን መረብ በየነ ይጥላል፣ በየነ ያነሣል። ጀልባዋን ሲገለብጧት አባባ ላሚሶም ተነሥተው አንዱን ጫፍ ያዙ። ሌባው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የዚያኑ ዕለት በባጃጅ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። የዐይን ሞራ ግርዶሽ ነው ተባለ፤ በቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነገር። አባባ ላሚሶ «ዕድሜ ነው፣ አይመለስም» ብለው ተስፋ የቆረጡበትን ነገር ሐኪሙ እንደ ተራ ነገር ነገራቸው። ይሁን እንጂ እኔን ለሦስት ሳምንት በወጉ አላናገሩኝም። ልጠይቃቸው ስሄድ «እሺ ብለኸኝ ነበር» ብቻ ይሉኛል። «ብዬዎት ነበር» እላለሁ፤ ተቀምጬ፣ ተቀምጬ፣ እመለሳለሁ። ምሕረትም «እሱ ሳይድን ስለ ሽማግሌ አታንሣብኝ» አለችኝ። እነዚያ ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቀዶ ሕክምናው ተደርጎ የአንደኛው ዐይናቸው ሻሽ የተነሣ ቀን ደረስኩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ድምፁ ረጅም ሰው ይመስል ነበር» አሏት። ከሳምንታት በኋላ ስለ እኔ የተናገሩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ደስ አለኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መሐል እንደ እኔ ያለ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ጸጉር ቤትም ባጃጅም ውስጥ አይቻችኋለሁ። ሰው ላለማስቀየም ስንል «አዎ» እንላለን፤ እኔም ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ለሌላው ሰው ብዬ የማደርገው ይመስለኝ ነበር። ለራሴ ነበር የማደርገው። እንዲወዱኝ ነበር። አንድ የማከብረው ሰው በጨለማ ውስጥ ሆኖ ዐይንህን አውሰኝ ሲለኝ፣ እኔ የሰጠሁት የገዛ ፍርሃቴን ነው። ከዚያ ወዲህ ጎበዝ ሆኛለሁ አልልም። ጸጉሬን አሁንም የማልፈልገውን ቁርጥ ተቆርጬ የምወጣበት ቀን አለ። የምወደው ሰው ሲጠይቀኝ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት ጀሪካኑን አያለሁ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁ። ልማዱ ጠያቂው ልጅ አብሮ እንዳይሄድ ነው። አባባ ላሚሶ ግን «እሱም ይምጣ» ብለው ስላዘዙ ከሦስት ሽማግሌዎች ኋላ ገብቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያንን የበዓል ጫማዬን አድርጌ ነበር፤ ሌላ ደህና ጫማ የለኝም። አጎቴ ንግግሩን ጀመሩ፤ ስለ ቤተሰባችን፣ ስለ ጨዋነቴ፣ ሰው አስቀይሜ እንደማላውቅ። አባባ ላሚሶ እስከዚህ ድረስ ሰምተው ከወንበራቸው ሥር አንድ ነገር አወጡ። ጀሪካን ነው። ነጭ። ከበየነ ተውሰውት ኖሯል።

ወደ እኔ አነሡት። «መምህር፣ ቢጫ ነው፣ አይደል?»

አጎቴ ነገሩን አያውቁም፤ በክርናቸው ጎሽመውኝ «አዎ በል» አሉኝ በሹክሹክታ። ምሕረት ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆማለች፤ ጣቶቿ መጋረጃው ጫፍ ላይ ይታዩኛል።

«አይደለም አባባ። ነጭ ነው» አልኩ።

አባባ ላሚሶ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። አጎቴ ያዘጋጁት ንግግር ገና ግማሹ ነበር።

ከዚያ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጠው እንደገና ወደ እኔ ተመለከቱ፤ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥለው እግሬን። «ነገ ማለዳ መረብ እናነሣለን» አሉኝ። «የምቀዝፈው እኔ ነኝ። ይህን ጫማ ደግሞ አድርገህ እንዳትመጣ።»